ካሳው ተከፈለ፤ ሰውየውስ?

አንድ ሠራተኛ ከፎቅ ላይ ወድቆ ወይም ጣቶቹን ማሽን በልቶበት በተገኘ ጊዜ፣ ከከበበው ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ቀኑ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ሰውየው በሕይወት የተረፈ እንደ ሆነም «እንኳን ነፍሱ ተረፈች» ተብሎ እግዚአብሔር ይመሰገንና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ምስጋናው የተገባ ነው፤ እኔም በአምላክ ቸርነት ከሚታመኑት ወገን ነኝ። ነገር ግን አንድ ሳንቃ ሳይቸነከር የቀረበትን፣ የአሳንሰር ጉድጓድ ሳይከለል የታለፈበትን፣ ማሽን እየዞረ እንዲጸዳ የታዘዘበትን ምክንያት ሁሉ ከሰው ትከሻ አንሥቶ በፈጣሪ ፈቃድ ላይ መጫን፣ እምነት ከመባል ይልቅ ድፍረት ቢባል ይሻላል።

መጻሕፍትም ይህን አይፈቅዱም። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ኦሪት ዘጸአት ደግሞ በ21ኛው ምዕራፍ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት እንዲከፍል ይፈርድና፣ ሰውን መትቶ ከአልጋ ያዋለ ሰው ተጎጂው ሥራ ፈትቶ ለተኛበት ጊዜ ዋጋውን እንዲሰጠውና ፈጽሞ እስኪድን ድረስ እንዲያስታምመው ይደነግጋል። በዚህ በኋለኛው ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ግዴታዎች በአንድነት ታስረዋል፤ አንደኛው የጠፋውን ገንዘብ መክፈል ሲሆን ሁለተኛው ሰውየውን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። የፊተኛውን ግዴታ ሕጋችን፣ አፈጻጸሙ ይቆየንና፣ በጽሑፍ ደረጃ አሳምሮ ይዞታል። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የተዘነጋው ሁለተኛው ነው።

በአዲስ አበባ ከሚታነጹት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ቀርቦ ለተመለከተ ሰው፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ተጽፎ የተቀመጠ ያህል ይታየዋል። ከምድር ተነሥቶ እስከ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ የሚወጣው መወጣጫ የባሕር ዛፍ አጠና በአጠና ላይ እየተቀጠለ በሚስማርና በሽቦ የተያያዘ ሲሆን፣ እንጨቱ በክረምት ርሶ በበጋ ሲደርቅ ሚስማሩን እየለቀቀ መሄዱን ከግንበኛው በቀር የሚያስተውለው የለም። ሁለት ሴቶች አሸዋና ሲሚንቶ የተቦካበትን ባሬላ ከፊትና ከኋላ ይዘው፣ እግራቸውን በላስቲክ ጫማ አስገብተው፣ አንድ ክንድ ስፋት በሌለው ሳንቃ ላይ ይወጣሉ፤ የፊተኛዪቱ መንገዱን ታያለች፣ የኋለኛዪቱ ግን ባሬላው ስለሚጋርዳት እግሯን የምታሳርፈው በግምት ነው። ሄልሜት ያደረገው ፎርማኑ ነው። ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ቀን ግን ከመጋዘን ሄልሜትና ጓንት ወጥቶ ለሁሉም ይታደልና፣ እንግዳው መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ ተቆጥሮ ይመለሳል። ሰው በወደቀም ጊዜ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ስለማይገኝ፣ ጭቃው ከባሬላው ላይ ተደፍቶ ተጎጂው በዚያው ባሬላ እስከ ዋናው መንገድ ይወሰዳል፤ አንገቱን ደግፎ የሚይዝለት ሰው ከተገኘ ዕድለኛ ነው።

ሳልናገር ማለፍ የማልችለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸው መወጣጫና ይኸው ሳንቃ በአብያተ ክርስቲያናት ሕንፃ ላይም ይገኛል። ለታቦት ማደሪያ ተብሎ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ዐውደ ምሕረት፣ ያ የኦሪት ዘዳግም ቃል አንድ ቀን ቢሰበክ ምንኛ ባማረ።

ወደ ሕጉ እንመለስ። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን 155ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀች አገር ናት። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በ92ኛው አንቀጹ አሠሪውን ሠራተኞቹን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን 96ኛው አንቀጽ ነው፤ ምክንያቱም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሠራተኛው ላይ በሥራ ምክንያት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላመጣው በቀር፣ ይኸውም የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ በግልጽ ጥሶ ወይም ሰክሮና ደንዝዞ ወደ ሥራ ገብቶ ካልሆነ በቀር፣ «ራሱ ነው ሳይጠነቀቅ የወደቀው» የሚለው የተለመደ መከላከያ በዳኛ ፊት አይቆምም። ይህን በሥራው ቦታ ከሚገኙት ሰዎች የሚያውቀው ስንቱ ነው?

የማያውቅ ሰው ደግሞ ወደ ሽምግልና ይሄዳል። ሽማግሌ የአገር ዋልታ ነው፤ ደም ያደርቃል፣ ቂም ያበርዳል። ነገር ግን አንዱ ወገን ባለ ሕንፃ፣ ሌላው ወገን ከገጠር መጥቶ በቀን ሥራ የሚተዳደር ጎልማሳ በሆነበት ሸንጎ፣ እግሩ በጀሶ የታሰረው ሰው «አንተም ተው፣ እሳቸውም ይጨምሩልህ» ተብሎ፣ ለጥቂት ሳምንት ቀለብ በምትበቃ ገንዘብ መብቱን ሁሉ በፊርማው ሲያስረክብ፣ ታረቁ ለማለት አፌ አይደፍርም። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም፤ ስሙ የሰፈረበት የቀን ሠራተኞች መቆጣጠሪያ፣ ደመወዝ የፈረመበት ወረቀት፣ የሥራ ባልደረቦቹም ምስክርነት ሁሉ ይረዱታል። የተጎዳ ዘመድ ያለው አንባቢ ቢኖር፣ ሽማግሌ ከመጥራቱ በፊት እነዚህን ይሰብስብ እላለሁ።

ገንዘቡስ እንዴት ይከፈላል? ሠራተኛው እስኪድን ድረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን ይቀበላል፤ ዓመቱም ሲሞላ ክፍያው ያበቃል። ፈጽሞ መሥራት የማይችል ሆኖ በጡረታ ወይም በኢንሹራንስ ሥርዓት ያልታቀፈ እንደ ሆነ የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ ይሰጠዋል፤ ጉዳቱ ከፊል የሆነም እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላለታል። ሒሳቡ ለአእምሮ ቀና ነው። ይሁን እንጂ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው አካሉም በትንሽ ዋጋ የሚተመን መሆኑን፣ ደግሞም ክፍያው ወር ቈጥሮ እየቀነሰ ሲሄድ የሰው አጥንት ግን በወር ቈጠራ የማይገጥም መሆኑን ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ ለመዳን ከመርዳት ይልቅ በፍጥነት ተነሥ እያለ የሚገፋ መሆኑን ይረዳል።

ስለ መዳን ከተነሣ፣ ስለ ወጌሻ ሳይነገር አይታለፍም። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ወልቆ የነበረውን ሁሉ መልሶ አገር ያቆመ ጥበበኛ ነውና ንቀት አይገባውም፤ ወለምታንም እስከ ዛሬ በእጁ የሚያቃና አለ። የተሰበረውን አጥንት ግን በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ሲያስረው፣ ከማሰሪያው በታች ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይጠቁርና፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ጋንግሪን ሆኖ፣ በጀሶ ሊድን የነበረ እግር በሆስፒታል ተቆርጦ ይጣላል። ይህን የአጥንት ሐኪሞች ሲናገሩት ዓመታት አልፈዋል። የቀን ሠራተኛው ወደ ወጌሻ የሚሄደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የሆስፒታሉ ወረፋ ረጅም፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ከባድ፣ አሠሪውም ስልኩን የማያነሣ ስለሆነበት ጭምር ነው። አዋጁ ግን የሕክምናውን፣ የመድኃኒቱን፣ እንዲያውም የሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት ድጋፍ ዕቃ ወጪን ሁሉ በአሠሪው ላይ አድርጎታል። ጀሶው ከተፈታ በኋላ የሚመጣው ፊዚዮቴራፒ ግን ማንም የማይከራከርለት ወላጅ አልባ ሕክምና ሆኖ ቀርቷል። ጉልበቱ እንዲታጠፍ፣ የትከሻው ጅማት እንዲፍታታ ለብዙ ሳምንታት መመላለስ የሚገባው ሰው፣ በከተማው የሚያሳድረው ዘመድ ስለሌለው አገሩ ይገባል፤ በዚያም የደረቀ ጉልበቱን ይዞ ይኖራል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሥጋ ነው። ሰው ግን ነባቢት ነፍስ ያለችው ፍጡር ስለሆነ፣ ከፎቅ የሚወድቀው ሥጋው ብቻ አይደለም። አንድ የማውቀው ግንበኛ፣ ሳንቃ ተሰብሮበት ከሦስተኛው ፎቅ ከወደቀ በኋላ እግሩ ድኖለት፣ ሐኪሙም ሥራህን ጀምር ብሎት ወደ ነበረበት ተመልሶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወደ መወጣጫው ወጥቶ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ተብረከረከ፤ ላብ አጠመቀው፤ አጠናውን በሁለት ክንዱ አቅፎ ወደ ላይም ወደ ታችም መንቀሳቀስ እንቢ አለው። ባልንጀሮቹ እየሳቁ አወረዱት፤ ፎርማኑም «ልቡ ፈሷል፣ ከእንግዲህ ግንበኛ አይሆንም» ሲል ፈረደበት። ሌሊት ሌሊት እየወደቀ የሚነቃ መሆኑን ያወቀችው ሚስቱ ብቻ ናት። እናቱ ጠበል ወሰዱት፤ በዚያም መጽናናትን አገኘ፣ ይህንንም የማቃልል አይደለሁም፤ ነገር ግን ከጠበሉ ጋር ይህ ፍርሃት ከስብራቱ እኩል የአደጋው ውጤት መሆኑን፣ ሐኪምም እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም። ዛሬ እጀ ወርቅ የነበረው ግንበኛ የሰው ቤት ጥበቃ ሆኖ፣ ከቀድሞ ገቢው እጅግ ባነሰ ደመወዝ ያድራል። በወረቀቱ ላይ ግን የዳነ ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላው ዓለም እንግዳ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የአእምሮና የጠባይ መታወክን፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣውንም ጭንቀት ጨምሮ፣ አስገብቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ ይገምታል። በእኛ ዘንድ ግን በሥራ ላይ የሚደርሰው አደጋ የሚተረጐመው በአካልና በአካል ተፈጥሯዊ ተግባር ላይ በደረሰ ጉዳት ስለሆነ፣ አእምሮው የታወከ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው ብርድ እንደ መታው ሰው ነው፤ የሚያገኘውም ተራ የሕመም ፈቃድ፣ ማለት አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለት ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ነው። ለዚያውም ሕመሙን ከተናገረ ነው። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል ስሙ በሰው አፍ መሰደቢያ ሆኖ ስለኖረ፣ «እዚያ ታከምሁ» ብሎ ለአለቃው የሚናገር ሠራተኛ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ድካምም የዚሁ ወገን ነው። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ቢወስነውም፣ አርማታ በሚሞላበት ቀን ሙሌቱ ከተጀመረ አይቋረጥምና፣ ጧት የገባ ሠራተኛ እኩለ ሌሊት ድረስ በመብራት ሲሠራ ይታያል። ዓይኑ የተከደነ ሰው በክፍት ጉድጓድ አጠገብ ሲመላለስ አደጋ ቢደርስበት፣ የትኛውን ቀን እንወቅሳለን? በቤት ውስጥ የሚያገለግሉትማ፣ በከሰል የሚቃጠሉት፣ መስኮት ሲወለውሉ የሚወድቁት እኅቶቻችን፣ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸውና የእነርሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።

አሁን ወደ ነገሬ እምብርት ደርሻለሁ። ይኸው ሠራተኛውን የሚጠብቀው አዋጅ በ24ኛው አንቀጹ የሥራ ውል በሕግ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ሠራተኛው በከፊል ወይም ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ በደረሰበት የአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት አለመቻሉን አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። የሕክምና ቦርድ ተሰብስቦ ከአንድ ሰው አካል ይህን ያህል በመቶ ጠፍቷል ብሎ ይጽፋል፤ ያም ወረቀት በአንድ እጅ ካሳ ያሰጠዋል፣ በሌላው እጅ ከሥራ ያስወጣዋል። በአንጻሩ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 568፣ አሠሪው ሥራውንና የሥራውን ቦታ ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ በሥራ ላይ እያሉ ጉዳት የደረሰባቸውን ጭምር ለይቶ ያነሣል። እንግዲህ ሦስት ጣት ያጣ ሰው ከውጭ መጥቶ ሥራ ቢጠይቅ የሚከበርለት መብት፣ እዚያው በር ውስጥ ጣቱን ያጣው ሰው ሲሆን «ውልህ አብቅቷል» ተብሎ የሚሸኝበት ምክንያት ከቶ ምንድን ነው? ሁለቱ ሕጎች ተገናኝተው አልተነጋገሩም።

እጁን ያጣ አናጢ ዕቃ ቤት ሊጠብቅ፣ ልኬት ሊይዝ፣ ለጀማሪዎች ሙያ ሊያስተምር ይችላል፤ ያ ከመወጣጫው የፈራው ግንበኛም በምድር ቤቱ የድንጋይ ግንብ ሥራ ላይ ቢመደብ ኖሮ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አንደኛው፣ ቀጥሎም ወደ ሁለተኛው ፎቅ መውጣት ይለምድ እንደ ነበረ የሚጠራጠር ካለ የሙያ ሰዎችን ይጠይቅ። የሕክምና ቦርዱም የጠፋውን በመቶኛ ሲጽፍ፣ ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል ደግሞ በግልጽ ይጻፍ። ሳይጻፍ ከቀረ አሠሪው የሚያነበው ጉድለቱን ብቻ ነው፤ ሠራተኛውም ራሱን የሚያየው በዚያው ወረቀት ነው፤ ብዙ ብርቱ ሰውን ከአደጋው ይልቅ የሰበረው ሥራ ፈትቶ በልጆቹ ፊት መቀመጡ ነው።

አሠሪዎች የሚያቀርቡት መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ የብረት መወጣጫ ውድ ነው፣ የሴፍቲ ጫማ ለቀን ሠራተኛ ቢሰጥ በነጋታው ይዞት ይጠፋል፣ ጨረታ የሚያሸንፈውም ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ነው ይላሉ። የመጨረሻው እውነትነት አለው። ለደኅንነት የሚወጣው ገንዘብ በጨረታው ሰነድ ለብቻው ተለይቶ ሳይቀመጥ ሲቀር፣ ለሠራተኛው የሚያስበው ተቋራጭ ዋጋው ከፍ ብሎ ይሸነፋል፤ ስለዚህ ይህን ማስተካከል በቅድሚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፋንታ ነው፤ ትልቁን ግንባታ የሚያሠሩት እነርሱ ናቸውና። ስለ ጫማው ግን፣ የጠፋን ጫማና የጠፋን ሰው በአንድ ሚዛን የሚመዝን አሠሪ እንዳይኖር እመኛለሁ።

የሥራ ጉዳት ግን ከፎቅ መውደቅ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከሥራ ጋር በተያያዘ አደጋና በሽታ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም አብዛኞቹን የሚገድለው ድንገተኛው አደጋ ሳይሆን በቀስታ የሚመጣው በሽታ መሆኑን የዓለም የሥራ ድርጅት ይናገራል። የጥጥ ብናኝ በየቀኑ የምትስበው ፈታይና ፀረ ተባይ የሚረጨው የአበባ እርሻ ሠራተኛ ሲወድቁ ድምፅ ስለማይሰማ፣ ሰው ተሰብስቦ «ቀኑ ነው» የሚላቸው እንኳ አያገኙም።

ስለዚህ ለሕግ አውጪዎቻችን የማቀርበው ልመና አጭር ነው። 24ኛው አንቀጽ ይታረም፤ አሠሪው ለተጎዳው ሠራተኛ ሌላ ሥራ ፈልጎ፣ አሠልጥኖ፣ ሰዓቱንም አቃልሎ መሞከሩን ሳያስረዳ ውሉ አይቋረጥ። ከሥራ አደጋ የሚመጣ የአእምሮ መታወክም በሥራ ጉዳትነት በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። ሠራተኛ ማኅበራትም ስለ ደመወዝ ጭማሪ በሚደራደሩበት ወንበር ላይ ስለ ፊዚዮቴራፒና ስለ ምክር አገልግሎት አንድ ቃል በኅብረት ስምምነቱ ያስገቡ፤ ሕጉ እስኪታረም መጠበቅ አያሻቸውም። ቤት የምታሠራ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ነገ ጧት ወደ ሥራው ቦታ ስትሄድ፣ ስንት ሜትር ግንብ እንደ ተሠራ ከመለካትህ በፊት መወጣጫውን በእጅህ ነቅንቀህ እይ፤ ከተነቃነቀ ሠራተኞቹን አውርድ፣ የቀን ሒሳባቸውንም ክፈላቸው።